ለክብርዎ ሲባል ስለተመረገው ግድግዳ

ለተከበሩ አቶ ኡዶል፣ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ትኩሳትም ሆነ ብርድ ብርድ ማለት ሳይነካዎ፣ ከመላ ቤተሰብዎ ጋር በደህና እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። እኛ የወንዙ ዳር ሰዎች በየተራ እየተንቀጠቀጥን ስለሆነ፣ የሆነ ቦታ ደህና ሰው መኖሩን መስማት ያጽናናናል። ፊደል የቆጠርኩት በእርጅናዬ፣ ከልጅ ልጄ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለሆነ የእጅ ጽሑፌን ይታገሱኝ፤ እኔም የእርስዎን ሥራ ታግሻለሁና።

አንደኛ፣ በበጋው የወባ ትንኝ የሚገድል መድኃኒት በየቤታችን ግድግዳ ላይ ስላስረጩልን እናመሰግናለን። ይልቁንም ሴቶቹ ወንዝ ወርደን ሳለ፣ ግድግዳው ክረምቱ እስኪያልፍ እንዳይነካ የሚለውን ምክር ለወንዶቹ ብቻ ማስነገርዎ ትልቅ ብልሃት ነበር፤ በእኛ በአኙዋዎች ዘንድ ግድግዳ የሚመርግ ወንድ እስከ ዛሬ አልተወለደምና። ባለቤቴን ኡመድን ለምን እንዳልነገረኝ ብጠይቀው "የግድግዳ ነገር የእናንተ ነው ብዬ ዝም አልኩ" አለኝ፤ እኔም የዚያን ቀን የራቱን ነገር ዝም አልኩት።

ሁለተኛ፣ ርጭቱ በተፈጸመ በሳምንቱ፣ ሥራውን የሚጎበኙ እንግዶች ይዘው እንደሚመጡ በድምፅ ማጉያ አስነግረው፣ ቤታችንን አስውበን እንድንጠብቅ አዘዙን። እኛ ደግሞ እንግዳ በዥጉርጉር ግድግዳ የምንቀበል ሰዎች አይደለንም። መድኃኒቱ የተወውን ነጭ ጠብታ እንደ ነውር ቆጥረን፣ ከወንዙ ጭቃ አምጥተን፣ አመድ ቀላቅለን፣ በጣታችን ጌጥ እያወጣንበት ድምጥማጡን አጠፋነው። እርስዎም ጎንበስ ብለው ቤቴ ገብተው፣ ግድግዳዬን በመዳፍዎ እየዳሰሱ "እማማ አጁሉ፣ እንዲህ የሚያምር ቤት አይቼ አላውቅም!" አሉና አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሡ። እኔ ሞኟ፣ ሳምንቱን ሙሉ በጉራዬ ጎረቤቶቼን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኋቸው።

አሁን የልጄ ሚስት አሪየት ነፍሰ ጡር ናት። ባለፈው ወር ትኩሳት ጥሏት ጤና ኬላ ብወስዳት፣ እዚያ የምትሠራው ልጅ አፓይ ደሟን መርምራ ወባ ስታገኝባት "እማማ፣ ግድግዳውን ነካክታችሁት ነበር እንዴ?" አለችኝ። ለአለቃዋ ክብር ብለን እንደመረግነው ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወይኔ እማማ! መድኃኒቱን እኮ ቀበራችሁት!"

አሪየት ከዚያ ወዲህም አገርሽቶባታል። የምትወልደው ወንዙ ሞልቶ ትንኙ በሚፈላበት ወር ነው፤ አፓይም እስከዚያ ደጋግሞ ከያዛት ለሕፃኑም ለእናቲቱም እንደምትፈራ ነግራኛለች። ይህችን አንዲት ነገር የጻፍኩት ሳልቀልድ ነው።

ሦስተኛውን ቅሬታ ራሱ ጽሕፈት ቤትዎ አዘጋጅቶልኛል። ዝናቡ ሳይገባ እንደገና እንዲረጭልን ብንለምን፣ የተረጨ ቤት ዳግም አይረጭም የሚል መልስ ተሰጠን። ስለዚህ ቤታችን መረጨቱን ለትንኞቹ ለማስረዳት እየሞከርን ነው፤ እነሱ ግን ከእኔም ይልቅ ለትምህርት ዘግይተዋል።

ወገቤን ይዤ፣ ግን ግድግዳ ሳልደገፍ፣ እጅ የምነሳዎ አክባሪዎ፣

አጁሉ ኡኩኝ

ሳልረሳው፦ ትናንት ድምፅ ማጉያው እንደገና መጥቶ፣ ከክልል ሌሎች እንግዶች ስለሚመጡ ቤታችንን እንድናስውብ ነገረን። ሴቶቹ መክረናል። መድኃኒት ረጪዎቹ ቀድመው ከመጡ፣ እንግዶቹን በዥጉርጉር ግድግዳ፣ ያለ ምንም ኀፍረት እንቀበላለን። እንግዶቹ ከቀደሙ ግን፣ እርስዎ ያን ግድግዳ እጅግ ስለወደዱት ከሥሩ ምንጣፍ አንጥፌልዎታለሁና ክረምቱን እዚያው ይደሩ፤ አሪየት ደግሞ መስኮቱ ወንፊት ባለው በእርስዎ ቤት ትወልዳለች። ዕቃዋን ጠቅልላለች።