ስትወጪ ያለውን ላኪልኝ

ልጄ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልም ብዬ እንዳልመርቅሽ መሬቱን ትተሽ ባሕር ገብተሻል፤ እንግዲያውስ ውኃው እንደ እኔ ይሳሳልሽ።

እኛ ደህና ነን። የጓዳው ቧንቧ አሁንም ያንጠባጥባል፤ አባትሽ የሰው ቤት ቧንቧ ሲጠግን ውሎ የእኛን ለማየት ጉልበት የለውም። ከደሴቲቱ የላክሽው ቪዲዮ ደረሰን። የመጥለቂያውን ዕቃ በርካሽ ተከራየሁ ብለሽ ደስ ብሎሻል። የሚተነፈስ አየርም በቅናሽ ይገዛል እንዴ? አባትሽ የአየር ጎማውን መጋጠሚያ ደጋግሞ አየና እጁ መፍቻ ፈለገ፤ ይሄ ነው የጨረሰኝ።

ዓሣዎቹስ ያምራሉ። እኔ ግን ስትጠልቂ አብሬሽ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ቪዲዮው አንቺ ሳትወጪ ያልቃል። እዚህ ቁጭ ብዬ ምን ላድርግ?

አምላክ ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ። ባክሽ፣ ስትወጪ ያለውን ላኪልኝ፤ ለእኔ አሁንም ውኃ ውስጥ ነሽ።

እናትሽ