ያልበራው መብራት

ሰኞ፣ ጥር 14

በሩ ሲንኳኳ ብሩክ መስሎኝ «ቁልፍ ይዘህ የለም እንዴ?» አልኩ። ገና እየነጋ ነበር። ስከፍተው ወንድሜ ታደሰ ነው። ከኋላው የእድራችን ዳኛና ሦስት ጎረቤቶች ቆመዋል። ማንም ደህና አደርሽ አላለኝም።

«እታለም፣ ልብስ ደርቢ» አለኝ።

«ብሩክ ተጋጨ?»

«አዎ።»

«የት ሆስፒታል ተኛ?»

«አልተኛም እታለም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰው ነግሮኝ ነው የማውቀው። ያለኝ አንድ ልጅ እሱ ነበር። ትናንት ሙሽሮችን አርሲ ነገሌ አድርሶ ብቻውን ሲመለስ፣ መቂ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው፣ ጎማው የፈነዳበትና አስፋልት ላይ የቆመ የሽንኩርት ጭነት መኪና ከኋላ ገጨ። ዓይን ያዝ ማድረግ ጀምሮ ነበር። ዛሬ ቀበርነው።

ረቡዕ፣ ጥር 16

ሠልስቱ ወጣ። ሰው ሁሉ አንድ ቃል ይደጋግማል፤ «ያን በመሰለ መኪና!»

እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው። ዱከም የፋብሪካ ሠራተኛ በሚኒባስ ሲያመላልስ በነበረበት ጊዜ፣ እስኪመለስ ድረስ ልቤ አያርፍም ነበር። ይሄን ትልቅ መኪና ለሰርግና ለእንግዳ ኪራይ ብሎ ከገዛ ወዲህ ግን ልቤ አረፈ። ከፍታውን፣ ውፍረቱን፣ የበሩን ክብደት አይቼ፣ በዚህ ውስጥ ልጄን ምን ይነካዋል አልኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 3

ደብተሩ የብሩክ ነው። ከላይ ያሉትን ሁለት ቀናት የጻፍኳቸው ዛሬ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁት፣ እጄ ይዘገያል።

ከእኔ ጽሑፍ በፊት ያሉት ገጾች ስለ መኪናው ናቸው። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ጎማ የተነፋበት ቀን። አንድ ገጽ ላይ ከገዛው በኋላ ያገኘበትን ጉድለት ጽፏል፤

ኤሲው አይቀዘቅዝም።
የኋላ ቀኝ በር ከውስጥ አይከፈትም።
ራዲያተሩ ተበይዷል፣ ያፈሳል።
ካምቢዮው ሲሞቅ ይመታል።
የመሪው ክዳን ላላ ብሏል። ቀላል ነው፣ ይቆይ።

ይሄን ሁሉ አንድም ቀን አልነገረኝም። «እንዴት ነው መኪናው?» ስለው «እንደ ሙሽራ ነው እማዬ» ነበር የሚለኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 5

ታደሰ መኪናውን አስጎትቶ ገመቹ ጋራዥ አስገብቶታል። ገመቹ ብሩክ ሁልጊዜ የሚያሠራበት መካኒክ ነው። ጠዋት ደወለልኝ። «አዴ፣ ብቻዎን ይምጡ» አለኝ፤ እናቴ ማለቱ ነው።

ሄድኩ። ኮፈኑ ተጨማድዷል። ውስጡ ግን ወንበሩም መስታወቱም ደህና ነው። እንደዚህ ደህና መሆኑ አናደደኝ።

ገመቹ የመሪውን ክዳን አነሳልኝ። በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ደረት የሚቀበል ትራስ አለ፣ ኤርባግ ይሉታል። ቦታው ላይ ኤርባግ የለም። ያለው አራት ጊዜ የታጠፈ ጨርቅ ነው። ሰማያዊ፣ ቢጫ አበባ ያለበት፣ ከሕፃን አንሶላ የተቀደደ የሚመስል።

«ይሄ መኪና ከዚህ በፊት ተጋጭቷል» አለኝ። «ያኔ ኤርባጉ ፈንድቷል። በሌላ መተካት ሲገባቸው ክዳኑ እንዳይጎደጉድ ጨርቅ ጠቀጠቁበት።»

«ቢኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

«ቀበቶውን አስሮ ነበር። ግን እኔ እግዜር አይደለሁም አዴ። ይተርፍ ነበር ብዬ አልዋሽዎትም፣ አይተርፍም ነበር ብዬም አልዋሽዎትም።»

ከዚያ ወደ ራሱ አሮጌ ፒካፕ ወስዶኝ ቁልፉን አዞረ። ከመሪው ኋላ ብዙ መብራቶች በአንድ ጊዜ በሩ። አንዱ ቀይ ምስል ተቀምጦ ሆዱ ላይ ኳስ የያዘ ሰው ነው። ለእኔ ነፍሰ ጡር መሰለችኝ። ጥቂት ቆይታ ጠፋች።

«የኤርባጉ መብራት ይሄ ነው። ቁልፍ ሲዞር የግድ ይበራል፣ ከዚያ ይጠፋል። በርቶ ከቀረ ችግር አለ። ጭራሽ ካልበራ ደግሞ ሰው ነቅሎታል ማለት ነው። የብሩክ መኪና ላይ ነቅለውታል።»

«አንተስ እስከ ዛሬ አላየህም?» አልኩት።

«እኔ የማየው ሞተር ነበር» አለና ፊቱን አዞረ። ከዚያ በላይ አልተናገርኩትም።

ጨርቁን ይዤ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 6

የገዛንበት ቀን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ደላላው መኪናውን ግቢያችን ድረስ አምጥቶ እኔንም የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሳ። «ይኸው ማዘር፣ ይመልከቱ! አንድ ቀይ መብራት የለም። ንጹሕ!»

እልል አልኩ። ጎረቤት እስኪወጣ ድረስ እልል አልኩ። ልጄ እኔን አይቶ ሳቀ። ከዚያ ፈረመ።

ጨርቁን ለታደሰ አሳየሁት። አለቀሰ። ትንሽ ቆይቶ ግን «በምንድነው የምታስመሰክሪው? ደላላውም አላውቅም ነበር ይላል» አለኝ። ሻጩ ስልኩን ዘግቷል። ታደሰ መኪናውን ለመሸጥ ከዚያው ደላላ ጋር ተነጋግሯል። «ግቢ ውስጥ ቆሞ እያየሽው ልትኖሪ ነው? ወራሿ አንቺ ነሽ፣ መፈረም ብቻ ነው ያለብሽ።»

ገመቹ ኤርባግ ካልገባለት መሪውን አልዘጋም ብሏል። ደላላው መኪናውን ሌላ ጋራዥ ወሰደው።

ሐሙስ፣ የካቲት 15

መኪናው ተቀብቶ መጣ። ያብረቀርቃል። የመሪው ክዳን ተዘግቷል። ገዢው ከዱከም የመጣ ወጣት ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጣጣሪ ነኝ አለ። ትሑት ልጅ ነው፣ ሐዘኔን ሰምቶ ኖሮ ጎንበስ ብሎ ነፍስ ይማር አለኝ። ልጄ በምን እንደሞተ ግን አልነገሩትም።

ታደሰ አጠገቤ ቆሞ «እታለም፣ ዝም በይ» አለኝ።

ዝም ልል ነበር። እውነቱን ልጻፍ፣ ዝም ልል ነበር። ደክሞኛል።

ደላላው ልጁን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ። «አየህ ብሮ? አንድ ቀይ መብራት የለም። ንጹሕ!»

ልጁ ስልኩን አውጥቶ በቪዲዮ ደወለ። «እማዬ፣ እይው!» አለ። ከስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት እልል አለች።

ቤት ገባሁ። ጨርቁን አምጥቼ መሪው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድነው ማዘር?» አለኝ ልጁ።

«የልጄ ኤርባግ ነው።»

ደላላው ቶሎ ብሎ «ሐዘን ላይ ናቸው፣ አትፍረድባቸው» አለ። ልጁ እኔን አየ፣ ጨርቁን አየ፣ የመሪውን ክዳን በጣቱ ጫን አደረገው። ስልኩ ውስጥ እናቱ «ምን ሆነ? ምን አሉ?» ትላለች። ወርዶ ሄደ። ተመስገን አልኩ።

ታደሰ «ምን አደረግሽ!» ብሎ ሳይሰናበተኝ ወጣ።

ረቡዕ፣ የካቲት 21

ታደሰ ዛሬ መጣ። ታርቀናል። ነገ የብሩክ አርባ ነው፣ ለካህናቱ የሚያስፈልገውን ሊጠይቀኝ ነው የመጣው። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «ያ የዱከም ልጅ ከዚያው ደላላ ሌላ ገዛ። ነጭ» አለኝ።

መሪውን አስከፍቶ አይቶ ይሆን? አላውቅም። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩም። ልጁን ፈልጎ እንዲያስጠነቅቀው ገመቹን ለምኜው ነበር፣ እሱም አላገኘውም። ደላላው ስልኬን አያነሳም። የልጁ እናት ደግማ እልል ብላ ይሆናል።

እኔ አልፈረምኩም። ጥቁሩ መኪና ግቢዬ ውስጥ እንደቆመ ነው። ጨርቁን አጥቤ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ለምን እንዳጠብኩት አላውቅም። በእጁ አጥፎ መሪው ውስጥ ለጨመረው ሰው ልጸልይ ሞክሬ ነበር። ገና አልሆነልኝም።

ይህን ደብተር አንድ ቀን የሚያነብ ሰው ቢኖር፣ የምለምነው ይሄን ብቻ ነው። ልጄን በጸሎታችሁ አስቡልኝ። በቤት ስሙ ብሩክ ነው የምንለው፣ ነፍሱን ስታስቡ ግን በክርስትና ስሙ ጥሩት። ወልደ ሰንበት ነው።