የልጄን ባል ጉልበት ይመለከታል

ለክቡር ሚስተር ፕሬስተን ሃርግሮቭ፣ የግራንትፎርድ መዶሻዎች የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ባለቤት

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ሁለቱም ጉልበቶችዎ እንዴት ሰነበታችሁ? ዘንድሮም ማንም ሳይገፋዎት ከመስታወቱ ሰገነት ሆነው ጨዋታውን እንዲያዩ ያበቃዎትን አምላክ አመሰግናለሁ።

እኔ ሊዮናርድ ፓቭሊክ እባላለሁ፤ ከወረቀት ፋብሪካ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ሚስቴ ቨርና ካረፈች ወዲህ ከልጄ ከማርጂ፣ ከባሏ ከዶይል ክሬመርና ከልጆቻቸው ጋር እኖራለሁ። ዶይልን ያውቁታል፤ ኳስ ወርዋሪያችሁ እንዳይወድቅ ከፊቱ ቆሞ በደረቱ የሚመክት፣ እኩዮቹ ሁሉ ጫማ ሰቅለው እሱ ብቻ የቀረ የመስመር ተጫዋች ነው።

አንደኛ፣ «የማይሰበረው ዶይል» ብለው በየአውቶቡሱ ጀርባ ስለለጠፉት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ለዓመታት አንድም ጨዋታ ሳይቀር መሰለፉን ነግረውናል፤ በመጪው እሑድ ክብረ ወሰኑን ሲሰብርም ርችት እንደሚተኩሱለት ሰምተናል። የጉልበቱ ጅማት መበጠሱን ሳይጽፉ የቀሩት ቦታ ጠቧችሁ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ብልሃታችሁ። በደንቡ መሠረት የመጀመሪያዋ ኳስ ስትነሳ ሜዳ ላይ የቆመ ሁሉ ተሰልፏል ይባላል። ስለዚህ ዶይልን መርፌ ወግታችሁ ታስገቡታላችሁ፤ አንዴ ይጋፋል፣ ይወጣል፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ቤት ገብቶ ደረጃውን በቂጡ እየተጎተተ ሲወጣ ግን የሚያጨበጭብለት የለም።

ሦስተኛውን መጻፍ ያሳፍረኛል። ባለፈው እሑድ ተጋጣሚያችን ያሰለፈው ጎረምሳ በዶይል ጆሮ «ጋሼ፣ ዝም ብለህ ተደገፈኝ፤ አልገፋህም» አለው። ዶይል ይህን የነገረን እራት ላይ ነው። ማርጂ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ታዲያ ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ? ተደገፍኩታ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅነው፤ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ተጋጣሚ ያዘነለትን ሰው እናንተ አላዘናችሁለትም።

«ራስህ ተው አትለውም ወይ?» ይሉኝ ይሆናል። ብዬዋለሁ። እርስዎም እንደሚያውቁት፣ በመስመር ተጫዋቾች ዘንድ በገዛ አፉ «አውጡኝ» ያለ ሰው ሁሉም ብርድ አልፈራም ብሎ ክንዱን ገልጦ በሚጫወትበት በበረዶ ቀን ክንዱን ከሸፈነ ሰው ይብሳል። መልሱ «አባባ፣ እነሱ ካላስወጡኝ አልወጣም፤ ይልቅ ድንቹን አቀብለኝ» ነበር። ሐኪማችሁ ደግሞ ማርጂን ኮሪደር ላይ ጠርቶ «አንድ ግፊያ ከተጨመረበት እግሩን አላድነውም» ብሏታል፤ ለእርስዎ ግን «ይችላል» አለ።

ይህን የሚያጽፈኝ ቂም ይሁን ፍቅር ብዬ ተንበርክኬ ራሴን መረመርኩ። ሁለቱም ነው፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ቂሙ ይበልጣል። ፓስተራችን እንኳ ጨዋታዎ እንዳያመልጠን ብሎ ስብከቱን ያሳጥራል። እግዚአብሔር ከራሱ ቀን ቆርሶ ከሰጠዎት፣ እርስዎም ለአንድ ሰው እግር አንድ እሑድ ቢሰጡ አይበዛብዎትም።

ስለዚህ እሑድ ስሙን ከሰልፉ እንዲሰርዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ዶይል ይሰድብዎታል፤ ይቻሉት፣ እኛም ችለነዋል። ካልሰረዙት ግን፣ የመጀመሪያዋ ኳስ ሳትነሳ ማርጂ ወደ ሜዳው ገብታ፣ በርችቱና በቴሌቪዥኑ ፊት፣ እጁን ይዛ ታወጣዋለች። «ሚስቱ ጎትታ ያስወጣችው» እየተባለ እስኪሞት ይሳቅበታል፤ እሷንም ምናልባት ዓመቱን ሙሉ አያናግራትም። አስባበታለች። በሁለት እግሩ ቆሞ የሚያኮርፋት ባል ይሻለኛል ብላለች።

ቸርነትዎ እንዳይጓደልብን እየጸለይኩ፣ ገና አይቼው የማላውቀውን ርኅራኄዎን በናፍቆት የምጠባበቅ፣ ታማኝ ደጋፊዎ፣

ሊዮናርድ ፓቭሊክ

ማሳሰቢያ፦ በስታዲየሙ በር ላይ ለዶይል የሚያቆሙለት የነሐስ ሐውልት መድረሱን ሰምቻለሁ። እሑድ እሱን ያሰልፉት፤ መርፌ አይፈልግም፣ ቤት የሚጠብቁትም ልጆች የሉትም።