ግማሽ ላይ ስለቆመው ፊልምና ስለ ልጄ እውነተኛ ዕድሜ

ሰኔ 1980 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ሞልቱ ኦልጅራ፣ ለቀበሌያችን ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን የወይዘሮ ተናኘወርቅንና የልጅዎን የዋቅጅራን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይ የዋቅጅራን፤ የቀበሌው ወጣት ሁሉ ለፊልም በተጠራበት በዚያ እሑድ ድንገት ሆዱን አሞት ከቤት መዋሉን ሰምቼ ከልብ አዝኛለሁ። እኛ በእርስዎ ቸርነት ደህና ነን፤ ከአራት ወደ ሦስት ስለወረድን ቤቱ ሰፍቶናል።

እኔ ሰዒድ ነኝ፤ ከብስራተ ገብርኤል ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምውለው። ፊደል ያስቆጠረኝ የቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው፤ የምስክር ወረቀቱንም በእጄ ያስጨበጡኝ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ እዚህ ውስጥ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እውነት ቢያገኙ ግን ያስተማሩኝ ሰዎች ይጠየቁበት። ደብዳቤውን የለጠፍሁት የፊልሙ ማስታወቂያ በነበረበት ሰሌዳ ላይ ነው። አራት ቀን ሙሉ ጽሕፈት ቤትዎ ስመላለስ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብያለሁና፣ ከስብሰባው ሲወጡ በዚህ ማለፍዎ አይቀርም ብዬ ነው። በአጀንዳ መናገርን ከእናንተ ስለተማርን አቤቱታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1. ስለ አዳራሹ። ፊልሙ የታየበትን መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት ቁራጭ አቡጀዲ ገጣጥሜ፣ ስፌቱ በፊልሙ ሰዎች ፊት ላይ እንዳያርፍ እየተጨነቅሁ። በየመስኮቱ የተሰቀለውንም ብርድ ልብስ ጠርዙን የቀመቀምሁት እኔው ነኝ። ብርሃን እንዳይገባ ነው ብለውኝ ነበር፤ ለካ ውጭ ያለ ወላጅ ውስጥ የሚሆነውን እንዳያይም ኖሯል። እንደ ሰማሁት፣ ፊልሙ ውስጥ ወታደሮች በረዶ ላይ ሲዋጉ፣ ገና ግማሽ ላይ መብራቱ በራ፤ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው በሩን ዘጉት፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆኑ ወንዶች ስም ከቤተሰብ መዝገብ ተነበበ፤ ሃያ ሦስት ልጆችም ለብሔራዊ ውትድርና በጓሮ በኩል በጭነት መኪና ተወሰዱ። አንዱ ልጄ ሱልጣን ነው። ማስታወቂያው ግን አልዋሸም። መግቢያው በነጻ ነው አለ እንጂ ስለ መውጫው የጻፈው ነገር አልነበረም፤ ለሐቀኝነትዎ አመሰግናለሁ።

2. ስለ ሲኒማ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሲኒማ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ፊልም የማየው በሱልጣን አፍ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሕንድ ፊልም አይቶ ሲመጣ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ፣ ፍቅረኛውንም ሽፍታውንም የሚያለቅሱትንም እናት እሱው እየሆነ ያሳየኛል፤ ስንት ደንበኛ ልብሱን ረስቶ ሲስቅ ቆሟል። ያን እሑድ መሄድ አልፈለገም። ቀበሌ የጋበዘው ፊልም ደስ አይልም ብሎኝ ነበር። ያልተገኘ ቤተሰብ የስኳር ኩፖኑ ማኅተም አይመታለትም ስለተባለ ተቆጥቼ የሰደድሁት እኔ ነኝ። ሸሚዙንም ተኩሼ ሰጠሁት። ወተት የሚያመጡልን የላፍቶዋ ወይዘሮ አማከለች የጭነት መኪናው ሲያልፍ አይተውታል፤ ከላይ ሆኖ፣ ለአባቴ ፊልሙ ገና አላለቀም በሉልኝ ብሏቸዋል። እናቱ ከድጃ ይህን ከሰማች ወዲህ ማታ ማታ የእሱን እራት ከድና ታስቀምጣለች።

3. ስለ ጦርነቱ። ልኬት የማወጣው በአሮጌ ጋዜጣ ነውና መቀሱን ከማንሳቴ በፊት አነባለሁ። እንደ ጋዜጣው ከሆነ ጠላት ያልተደመሰሰበት ሳምንት የለም። ይህን ያህል ዓመት ሲደመሰስ የኖረ ጠላት ዛሬ የእኔ ልጅ ካልተጨመረበት የማይደመሰሰው ስለ ምን እንደሆነ በሚቀጥለው የውይይት ክበብ ቢያስረዱን እናመሰግናለን።

4. ይህኛው በራሴ ላይ ያቀረብሁት ክስ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የቤተሰብ ቅጽ ስንሞላ ሱልጣን አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሥራ አምስት የሞላው ልጅ ስኳርና ዘይት እንደ አዋቂ ይታደላል ሲባል፣ እኔ ብልጡ አሥራ ስድስት ብዬ ጻፍሁ። በመዝገብዎ ዛሬ አሥራ ዘጠኝ የሆነው በዚህ ነው። ግማሽ ኪሎ ስኳር ብዬ ለልጄ ሦስት ዓመት ጨመርሁለት፤ ሻዩን ጠጥተነዋል። በአምስተኛው ቀን ወደ ስብሰባ ሲገቡ በር ላይ ለአፍታ ባገኘሁዎ ጊዜ ቅጹን አሳይተው ፊርማው የማን ነው አሉኝ። የእኔ ነው፤ እርስዎ ባስተማሩኝ ፊደል የፈረምሁት።

ነገር ግን ጓድ ሊቀመንበር፣ የሱልጣንን ዕድሜ ለማወቅ ቅጽ የሚያስፈልግዎ ሰው አልነበሩም። ሱልጣንና ዋቅጅራ የተወለዱት ኅዳር 1964 በአንድ ሳምንት ነው። ከድጃ ታማ ወተቷ ሲደርቅ ሱልጣንን ሁለት ወር ያጠቡት ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው፤ በእኛ ሃይማኖት ሁለቱ የጡት ወንድማማቾች ናቸው። ያን ዕለት የሱልጣን ስም ሲነበብ መዝገቡን ይዘው የነበሩት እርስዎ ነዎት። ባለቤትዎ ያጠቡትን ልጅ ስም ሲያነቡ ድምፅዎ እንዳልተንቀጠቀጠ የነገሩኝ ሰዎች ስለ ጽናትዎ ተደንቀዋል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ልጆቹ እስከ ቅዳሜ ማሠልጠኛው ውስጥ ናቸው፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ይጫናሉ ተብሏል። ይህ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው የሚል፣ የእርስዎ ማኅተም ያለበት ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ሐሰት የጻፍሁት እኔ ስለሆንሁ ኩፖኔን ይንጠቁኝ፣ ያስሩኝም፤ ሲመጡ መኪናዬ ጋ ያገኙኛል። ፈርቻለሁ፤ ለመደበቅ ግን የቀረኝ ነገር የለም።

ከአብዮታዊ ሰላምታና ከአንድ ባዶ ፍራሽ ጋር፣
በእርስዎ ቀበሌ ማንበብና መጻፍ የተማርሁት፣
ልብስ ሰፊው ሰዒድ

ማሳሰቢያ፦ ለዋቅጅራ ያዘዙኝ ሱሪ ሳይቆረጥ ቀርቷል። ልጆቹ በቁመትም በወገብም አንድ ስለሆኑ እስከ ዛሬ ልኬቱን የምወስደው ከሱልጣን ነበር። አሁን የምለካው ልጅ የለኝምና ዋቅጅራን ራሱን ይላኩልኝ። በሩን አልዘጋበትም።