የበረንዳው ተርብ

መስከረም 24
ዛሬ ሥራ ቀለል ብሎኝ ዋለ። የሆቴሉን መጋረጃ ሰፍተን ጨረስን። ወገቤ ግን... ተወው።

ቤት ስገባ አማቴ በረንዳው ላይ ከወትሮው ቦታቸው ርቀው ተቀምጠዋል። ምን ሆነው? ተርብ። ከጣሪያው ጠርዝ ስር፣ እንጨቱና ግድግዳው በሚጋጠሙበት ጥግ፣ ጡጫ የሚያህል ግራጫ ጎጆ ተንጠልጥሏል። መቼ ሠሩት? ባለፈው መስኮት ስወለውል ምንም አልነበረም።

ባለቤቴ ሲመጣ ገና በር ላይ ያዙት።
"ይሄን ነገር አውርድልኝ! በገዛ በረንዳዬ መቀመጥ ልፍራ?"
"እማዬ፣ ምናልባት ኪራይ ይከፍሉ ይሆናል። እስኪ ወሩ ይሙላ።"
አማቴ ሳይወዱ ሳቁ። ይሄ ሰው ሲያስቃቸው አያልቅበትም።

መስከረም 27
ዛሬም ያው የተርብ ነገር። "አውርድልኝ አላልኩህም?" ጧት ተናገሩት፣ ማታ ደገሙት። እሱ የት ጊዜ አለው? መኪና የሚያለማምድ ሰው ፀሐይ ሳትወጣ ይወጣል፣ ስትጠልቅ ይገባል። አመሉም ከሥራው አልፎ ቤት ገብቷል። የሰው መኪና ውስጥ ተሳፋሪ ሆኖ እንኳ ቀኝ እግሩ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። ትናንት ታክሲ ውስጥ ሲረግጥ ሾፌሩ ዞር ብሎ "ጋሼ፣ ትነዳዋለህ እንዴ?" አለው። እንዴት እንደሳቅን።

ማታ ጓዳ ውስጥ፣ "አንተ አትንካው፣ ተወው። መድኃኒት የሚረጭ ሰው እንጥራ" አልኩት።
"ለዚች ለጡጫ? እሁድ አወርዳታለሁ። እማዬም ትረፍ፣ ጆሮዬም ይረፍ።"

ጥቅምት 2
ሞተ። ባለቤቴ ሞተ። ሌላ ምን እጽፋለሁ...

ጥቅምት 11
ካልጻፍኩት ጭንቅላቴ ውስጥ እየዞረ ሊገድለኝ ነው።

እሁድ እኩለ ቀን። ፀሐዩ ያቃጥላል። ጨርቅ ረጅም እንጨት ላይ ጠምጥሞ፣ ጋዝ ውስጥ ነክሮ፣ ለኩሶ መሰላል ላይ ወጣ። እሳቱ ሳይደርስባቸው ደረሱበት። አንገቱን፣ ጆሮውን፣ ከንፈሩን። በራሱ እግር ወረደ። እየሳቀ ወረደ! "ቀደሙኝ" አለ። ጎጆው እንዳለ ቀረ።

የተነደፈበት ላይ የማሽለት ሽንኩርት ልቆርጥ ገባሁ። ስወጣ ፊቱ የሱ ፊት አይደለም። "ጉሮሮዬ..." ብቻ ነው ያለው። ጎረቤታችን ነርሷ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። በሷ መኪና ወሰድነው። ፊት ወንበር አስቀመጥነው፣ እኔ ከኋላ ትከሻውን ይዣለሁ። መብራቱ ጋ ስንደርስ እግሩ ፍሬን ረገጠ። ኩርባው ላይ ሳየው አልረገጠም።

አማቴ በር ላይ ቆመው ነበር። ስንመለስም እዚያው ናቸው።

ጥቅምት 20
ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ሄደ። ቤቱ ወና ሆነ።

ነርሷ ማታ ማታ ትመጣለች። "አለርጂ ነው። አንዳንድ ሰው ደሙ የተርብ መርዝ አይችልም። እሱም አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም። የማንም ጥፋት አይደለም" አለች። አማቴ ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሊጎርሱት ያነሱትን መልሰው አስቀመጡት።

እኔስ? እውነቱን ልናገር... ሳያቸው አንድ ነገር አፌ ድረስ ይመጣል። ማን ነው አውርድልኝ ያለው? ማን ነው የነዘነዘው? እውጠዋለሁ። ነገ ደግሞ ተመልሶ ይመጣል። ልጃቸው እኮ ነው። የወለዱት ልጅ። እንዴት ብዬ ነው የምናገረው?

ጥቅምት 24
ተርቡን የሚያጠፋው ሰው መጣ። ነርሷ ናት የጠራችልን። ገና ሳይነጋ፣ ብርዱ ሳይለቅ መጣ። ወፍራም ካፖርት፣ ጓንት፣ ፊቱ ላይ መረብ። ረጨ፣ ዝም ብሎ ጠበቀ፣ ጎጆውን በከረጢት ውስጥ አስገብቶ አሰረው። አለቀ። ይኸው ነው? ይህን ያህል ቀላል?

ሲወርድ ያስረዳኝ ጀመር። "በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ጠርዝ ጠርዙን እዩ። ሲጀምሩት የአዝራር ያህል ነው፣ ያኔ ይቀላል። ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ግን ውስጡ አለመኖራቸውን ሳታረጋግጡ እንዳትደፍኑ፤ መውጫ ሲያጡ ወደ ቤት ነው የሚገቡት። ቆሻሻ ክዳን ይኑረው። ከዛፍ የወደቀ ፍሬ አታሳድሩ፣ ጣፋጭ ይጠራቸዋል። ደግሞ በፀሐይ አይነካም፣ በእሳትማ በጭራሽ! እሳት ይዞ መውጣት ማለት..."

በዓይኔ ተው አልኩት። ዘገየሁ። አማቴ በሩ ጋ ቆመው ሰምተዋል። ገቡና በሩን ዘጉ።

ኅዳር 8
ቀኑን ሙሉ ቀዳዳ ስደፍን ዋልኩ። የጣሪያውን ጠርዝ በወንፊት ሽቦ፣ የግድግዳውን ስንጥቅ በሲሚንቶ። ለቆሻሻው ክዳን ያለው በርሜል ገዛሁ። ከዘይቱን ዛፍ ስር የረገፈውን ለቀምኩ። አሁን ምን ያደርጋል? ጅብ ከሄደ... ግን እጄ ሥራ ካልያዘ አልችልም።

ወንድሜ መጣ። "እህቴ፣ ነይ ወደኛ። ገና ልጅ ነሽ። እዚህ ከማን ጋር ነው የምትኖሪው?"
ድምፁን አልቀነሰም። አማቴ ከመጋረጃው ጀርባ ናቸው። መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ስስ ነው።
"ላስብበት" አልኩት።

ኅዳር 10
ከሥራ ስመለስ ሻንጣዬ አልጋዬ ላይ ነው። አቧራው ተጠርጓል። ቀሚሶቼ ታጥፈው አጠገቡ።

"እማማ፣ ሻንጣውን ለምን አወጡት?"
"ሂጂ ልጄ። እኔን እያየሽ እንዴት ትኖሪያለሽ?"
"ምን ማለት ነው?"
"አፍ አውጥተሽ አትናገሪም እንጂ ዓይንሽ ይናገራል። እውነትሽን ነው። እኔ ነኝ ልጄን መሰላል ላይ ያወጣሁት። አውርድልኝ፣ አውርድልኝ... ምላሴን ቢቆርጠው ምን ነበረበት?"

ሁልጊዜ ልነግራቸው ያሰብኩትን ራሳቸው አሉት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። በአንድ ወር ውስጥ እንዴት እንዲህ አነሱ?

"እኔም ብዬዋለሁ" አልኩ። ከየት እንደመጣ አላውቅም።
"ምን አልሽው?"
"ጓዳ ውስጥ። 'እሁድ ካላወረድከው አታናግረኝ' አልኩት።"
"አንቺም?"
"እኔም።"

ከዚያ ጮኸው አለቀሱ። ከሞተ ጀምሮ ድምፅ አውጥተው ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነው። አቀፍኳቸው። ክብደታቸው ሁሉ እኔ ላይ ነበር።

ዋሸሁ። አትንካው ነበር ያልኩት። ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 13
ጠግበው በሉ። ጨው አንሶታል ብለው ተቆጡኝ። ተመስገን።

የካቲት 6
የባለቤቴ ታላቅ እህት ከሩቅ መጣች። ለቀብሩ አልደረሰችም ነበር። እናቷ እግር ስር ተቀምጣ፣ "እንዴት ሆነ? ማን ላከው?" አለች።
"እኛ ነን" አሉ። "እኔና ሚስቱ። ሁለታችን ነን አውርድ ያልነው።"

እህቱ ቀና ብላ አየችኝ። ያ አስተያየት... ሻይ ሳቀርብላት ከእጄ አልተቀበለችም። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ስትሄድ እናቷን ሳመች፣ ነርሷን ሳመች። እኔን አለፈችኝ።

ልጥራት? መንገድ ላይ ልከተላትና እውነቱን ልንገራት? በር ድረስ ደርሻለሁ። ወደ ውስጥ ስመለከት አሮጊቷ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አፋቸውን ከፈት አድርገው፣ እንደ ሕፃን።

ተመለስኩ። ብርጭቆውን አጠብኩ።

ሰኔ 15
ወንድሜ ደወለ። "ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅሽ" አለኝ። አልመጣም አልኩት። የባለቤቴ እህት እስካሁን ስትደውል ስሜን አትጠራም።

መስከረም 21
እማዬ ናቸው ያዩት፤ አማቴን አሁን እሱ ይጠራቸው እንደነበረው ነው የምጠራቸው። ዓይናቸው እንዲያ ደክሞ! ዝናቡ ካቆመ ጀምሮ ጧት ጧት ቤቱን እየዞሩ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ከኩሽናው በላይ፣ የአዝራር ያህል። አንዲት ተርብ ብቻ።

"በመጥረጊያ እንኳን ይወርዳል" አልኩ።
ክንዴን ጨምድደው ያዙኝ። "ንክች እንዳታደርጊ! ወደዚህ ግቢ!"

ያንኑ መድኃኒት የሚረጨውን ሰውዬ ጠራነው። ሳይነጋ መጣ። እማዬ ከመሰላሉ ስር አገቱት።
"ተነድፈህ ታውቃለህ?"
"ብዙ ጊዜ እማማ።"
"አላበጠህም? ትንፋሽህ አላጠረም?"
"ምንም።"
"ጓንትህን አጥብቀው። አንገትህን ሸፍን። እሱንም።"

አሥር ጊዜ አስተካከሉት። እሱ ሳቀ፣ ግን እሺ አለ። እሱ መሰላሉ ላይ ሆኖ ሳለ እጄን ይዘዋል። ምን ያህል እንደጨመቁት ጣቶቼ አሁንም ያውቁታል።

ወረደ። መረቡን ከፊቱ ሲያነሣ ጠጋ ብለው አገጩን ይዘው ወዲህ ወዲያ አዙረው አዩት። ጆሮውን፣ አንገቱን።
"እናትህ አለች?"
"አለች።"
"ከዚህ በቀጥታ ወደሷ ሂድ። ወርጃለሁ፣ ደህና ነኝ በላት።"

ሰውየው ግራ ገብቶት ወደኔ አየ። "እሺ በላቸው" አልኩት።
"እሺ እማማ" አለ። "እሄዳለሁ።"

መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ። መንገዱ ጋ እስኪታጠፍ እማዬ ከበሩ አልገቡም። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ።