በጎን መወርወር የተማርኩበት ዓመት

ለምወድህ ወንድሜ ለሾጎ፣

ከባሕር ማዶ እንደምን ሰነበትክ ወንድም ጋሼ? ጤናህስ እንዴት ነው? የብራዚል ሙቀት በረታብህ ወይስ ለመድከው? ባለቤትህ ማርሲያስ፣ ትንሿ ልጅህ ኤሚስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ መንደሪኑም ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ደህና ያልሆኑት አባባ ናቸው። በስልክ ልነግርህ እያልኩ ተውኩት።

ከዓምና ጀምሮ ማንንም አይለዩም። እኔን እንደ እንግዳ ሴት «ተባረኪ» እያሉ ያመሰግኑኛል፤ ላጉርስዎ ስላቸው ግን ፊታቸውን ያዞራሉ።

በጸደይ የሰፈራችን ቤዝቦል ቡድን ኳስ ወርዋሪ አጣና ፀጉር አስተካካዩ ጋሽ ኦቺ እኔን አስገቡኝ። ከላይ ወደ ታች የወረወርኩትን ሁሉ መቺዎቹ በዱላቸው እያነሱ ሰደዱት። ጋሽ ኦቺ ስቀው፣ «አንቺ ልጅ፣ ቁመትሽ አጭር ነው፤ እንደ ወንድምሽ ከጎን ብትወረውሪ ይሻልሻል» አሉኝ። እኔም ከመንደሪን መጋዘናችን ጀርባ ባዶ ሳጥን ደርድሬ፣ ክንዴን በወገቤ ትክክል እንደ ማጭድ እያዞርኩ መለማመድ ጀመርኩ። መጀመሪያ ኳሱ ወደ ቀኝ እየሸሸ የጎረቤታችንን የእትዬ ፉሳኤን መስኮት ሰበረ። ክርኔም አብጦ የመንደሪን መግረዣ መቀስ መያዝ አቃተኝ።

አባባ እዚያው ፀሐይ እየሞቁ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ድንገት ተነሡና፣ «ሾጎ፣ ክንድህን አታስቸኩለው። ወገብህ ይቅደም» አሉ። የመጣህ መስሎኝ ዞሬ አየሁ። ማንም አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ አመሻሹ ላይ ሳጥን ላይ ተቀምጠው በአሮጌው የቤዝቦል ጓንታቸው ኳሱን ይቀበሉኝ ጀመር። አላረምኳቸውም። ከልምምዱ በኋላ እንደ ድሮው እየቀለዱ ሩዛቸውን ጥርግ አድርገው ይበሉ ነበርና፣ እንዴት ብዬ ላርማቸው? የእኔም እጅ ቀስ በቀስ ለመደ፤ ኳሱ መቺው አጠገብ ሲደርስ እንደ እባብ ይጠመዘዝ ጀመር።

በጥቅምቱ ግጥሚያ የተጋጣሚያችንን መቺ፣ ያንን ወፍራም ዓሣ ነጋዴ፣ ዱላውን ሦስቴ በባዶ አየር አስወዛወዝኩትና ተራውን ጨርሶ ወጣ። አባባ ከተመልካቹ መሃል ቆመው ለሰው ሁሉ፣ «ልጄ ከብራዚል መጣልኝ» ይሉ ነበር። ጋሽ ኦቺ ቆባቸውን ዓይናቸው ላይ ደፉ። ስንመለስ መኪና ውስጥ አባባ፣ «እህትህስ? ልታይህ አልመጣችም?» ብለው ጠየቁኝ። መንደሪን እየለቀመች ነው አልኳቸው። እሳቸውም፣ «ያቺን ልጅ አደራ። ብቻዋን ናት» አሉኝ። ጎማውን ልይ ብዬ መኪናውን ዳር አቆምኩ፤ ወርጄ አለቀስኩ።

አሁን ከአልጋ መውረድ አቅቷቸዋል። ባለፈው እሑድ ደግፌ መስኮቱ አጠገብ አስቀመጥኳቸውና ውጭ ሆኜ ወረወርኩ፤ ዓይናቸው ኳሱን አልተከተለም። ሐኪሙ ብዙ አይቆዩም ይላል። ወንድም ጋሼ፣ ና። አንተ ስትመጣ እኔ ለሳቸው ማን እንደምሆን አላውቅም፤ ግን ና።

ማርሲያን ሰላም በልልኝ፤ የኤሚን ጉንጭ ሳምልኝ። ጋሽ ኦቺ ናፍቆቴ ይድረሰው ብለዋል። እትዬ ፉሳኤም መስኮቱን ይቅር ብላኝ ሰላምታዋን ልካለች። አባባም ሰላም ይሉሃል እንዳልልህ፣ ለሳቸው አንተ እዚሁ ነህ።

እህትህ ቺጉሳ

ያዋታሃማ፣ ኖቬምበር 20 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.