ዜሮ ተብሎ ስለተመዘገበው ወንድሜ

ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከመላው ባልደረቦችዎ ጋር እንዴት ከርመዋል? ምግቡ ይበላልዎታል? እንቅልፉስ? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ እኛ አገር ወንድ ልጅ እንቅልፍህ እንዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሰምቼ ስለማላውቅ፣ ቢያንስ እርስዎ እንዳይቀርብዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር በስብሰባ ላይ እንደተነበበው፣ በቀበሌያችን ዘንድሮ ራሱን ያጠፋ ሰው ቁጥር ዜሮ ነው። ደስ ይላል። ከመስቀል ወዲህ ብቻ ሦስት ጎልማሶች ቀብረናል፤ ሦስቱም በመዝገብዎ «በድንገተኛ ሕመም» የሞቱ ናቸው። አንዱ ታናሽ ወንድሜ ክንዴ ነው።

ሁለተኛ፣ በጤና ጣቢያው በር ላይ «ወንድሜ ሆይ፣ የከበደህን ተናገር» የሚል ባነር ስለሰቀሉልን ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ፊደሉ ከሩቅ ይነበባል። ክንዴም አንብቦት ነበር። በአጨዳ ወራት ማጭዱን አስቀምጦ፣ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። በመጀመሪያው ቀን የምክር ክፍሉ ተቆልፎ ባለሙያው ደብረ ማርቆስ ሥልጠና ላይ ነበሩ። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሥልጠናው ራስን ማጥፋትን ስለ መከላከል እንደነበረ በኋላ ስሰማ ለመናደድም አቅም አጣሁ። በሦስተኛው ቀን የካርድ ክፍሏ ልጅ አዝናለት ምንህን ነው የሚያምህ ብትለው፣ ወረፋ የያዘውን ሰው አፍሮ ራሴን አለ። የራስ ምታት ክኒን ተሰጠው። ክኒኑን ባለቤቱ ማሬ ሳይከፈት እስከ ዛሬ አስቀምጣዋለች።

ሦስተኛው አቤቱታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም። ዜሮውን ያስጻፍሁት እኔው ነኝ። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሞት መዝገቧን ይዛ ቤታችን ስትመጣ፣ ድንገት አሞት ነው አልኋት፤ ፍትሐት እንዳይከለከል፣ እናታችን በሰው ፊት አንገቷን እንዳትደፋ፣ ልጆቹም ስም እንዳይወጣላቸው ብዬ። ለቀስተኛው ሁሉ እውነቱን ያውቅ ነበር፤ ማንም አልተናገረም። ደግሞ ከዚያ በፊት፣ ክረምት ላይ አብረን ስናርስ፣ ክንዴ እርፉን ይዞ ቆመና «ወንድምዓለም፣ ልቤ ደከመኝ» አለኝ። «በርታ እንጂ፣ ወንድ አይደለህም ወይ!» ብዬ በሬዎቹን ነዳሁ። ይህ ነገር አልለቅ ብሎኛል።

እንግዲህ እኔ ውሸቱን እሰጣለሁ፣ እርስዎ ተቀብለው ለበላይ ያስተላልፋሉ፣ የበላዮችዎ ደግሞ በዜሮው ያመሰግኑዎታል፤ እንዲህ ተስማምተን እየኖርን ነው። ችግር የለም ስለተባለ ሁለተኛ ባለሙያ አይመደብም። እባክዎ ዜሮውን ሰርዘው አንድ ብለው ይጻፉልኝ፤ ስሙን ከነአባቱ ያስገቡት፣ እኔ እፈርማለሁ። ስለ ሌሎቹ ሁለቱ ቤተሰቦቻቸው በጊዜያቸው ይናገሩ። ክፍሉም ወንዱ ሁሉ ለገበያ ከተማ በሚወጣበት በቅዳሜ ይከፈትልን።

የሥልጠና ድካምዎን ከልብ በመረዳት፣ ለሚቀጥለውም ሪፖርት ጤናውን ይስጥዎ እያልሁ፣
የክንዴ ታላቅ ወንድም፣ የዜሮው ምስክር፣
አበረ ወልደ ሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፦ የፊታችን ቅዳሜ እመጣለሁ። ለክስ አይደለም። ክንዴን ከቀበርን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ልቤም ደክሞኛል። ክፍሉ ተቆልፎ ካገኘሁት ባለሙያው ከሥልጠና እስኪመለሱ ባነሩ ሥር ተቀምጬ እጠብቃለሁ፤ ምንህን ነው የሚያምህ ያለኝ ሰው ካለም፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ ራሴን አልልም።